ከእጅ ጥንካሬ ዕድሜን መገመት ይቻላል?

ባለፉት አሥር ዓመታት አንድ የጤና ወሬ ከሕክምና መጽሔቶች ወጥቶ በየሰው ስልክ ውስጥ ገብቷል። እጁ ሲጨብጥ የሚበረታ ሰው ዕድሜው ይረዝማል የሚል ነው። የእጅ መጭመቂያ ስፕሪንግ የሚሸጡ ነጋዴዎች ይጠቅሱታል፤ የጂም አሰልጣኞችም ደንበኞቻቸውን ብረት ላይ አንጠልጥለው ሰከንድ እየቆጠሩ ስለ ጤናቸው ይነግሯቸዋል። ወሬው ከባዶ የተነሣ አይደለም፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን የተከታተሉ ጥናቶች ከኋላው አሉ። ነገር ግን ጥናቶቹ የተናገሩትና በሕዝብ ጆሮ የገባው አንድ አይደለም። ጥናቶቹ ያሉት የመጨበጥ ኃይሉ የደከመ ሰው በሚቀጥሉት ዓመታት የመሞት አደጋው ከፍ ይላል ነው። እጅን ማጠንከር ዕድሜ ይጨምራል አላሉም። መለኪያው ለማን፣ መቼና ለምን እንደሚጠቅም የሚገባን በእነዚህ ሁለት አባባሎች መካከል ያለውን ልዩነት ስንረዳ ነው።

ቁጥሩ ከየት መጣ

የመጨበጥ ኃይል የሚለካበት መሣሪያ ዳይናሞሜትር ይባላል። በምርምር ሥራ በብዛት የሚታወቀው «ጃማር» የተባለው ዓይነት ነው፤ በመዳፍ የሚጨበጥ የብረት እጀታ፣ በውስጡ በፈሳሽ ግፊት የሚሠራ አካል፣ ከላዩ ደግሞ በኪሎ የተከፋፈለ ክብ ሰሌዳና ቀስት አለው። ተመርማሪው ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ክንዱን ከጎኑ አስጠግቶ ክርኑን በ90 ዲግሪ ያጥፋል። እጀታው አምስት ርቀቶች ሲኖሩት አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛው ይመረጣል። መርማሪው «ይጭመቁ፣ ይጭመቁ፣ አይልቀቁ» እያለ ያበረታታል። በሁለቱም እጅ ሦስት ሦስት ጊዜ ተለክቶ ከሁሉ የሚበልጠው ቁጥር ይመዘገባል። ደም አይቀዳም፣ የላቦራቶሪ ውጤት አይጠበቅም፣ ሁሉም ነገር በጥቂት ደቂቃ ያልቃል። ተመራማሪዎችን የሳባቸው ይህ ቅለቱ ነው።

ከቀደሙት ሥራዎች አንዱ በሃዋይ ሆኖሉሉ የተካሄደው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1965 እስከ 1970 የእጅ ኃይላቸው የተለካ፣ ዕድሜያቸው ከ45 እስከ 68 የነበረ 6,089 ጤነኛ ጃፓናዊ ትውልድ ያላቸው ወንዶች ከ25 ዓመት በኋላ ሲጠየቁ፣ በጎልማሳነታቸው እጃቸው ደካማ ከነበረው ሲሶ ውስጥ የነበሩት፣ ጠንካራ ከነበረው ሲሶ ጋር ሲነጻጸሩ፣ ራሳቸውን ችለው መልበስና መታጠብን የመሰለ ሥራ የሚቸግራቸው ከእጥፍ በላይ ሆነው ተገኙ። ውጤቱ በ1999 ሲታተም (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ብዙም አልተወራለትም።

ወሬውን ያጋጋለው በ2015 ላንሴት መጽሔት ላይ የወጣው «ፒዩር» የተባለ ጥናት ነው። በካናዳው የማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሚመራው ይህ ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ35 እስከ 70 የሆኑ 139,691 ሰዎችን ከ17 አገሮች መዝግቦ ለአራት ዓመት ገደማ ተከታተለ። የመጨበጥ ኃይል በ5 ኪሎ ባነሰ ቁጥር በማናቸውም ምክንያት የመሞት አደጋ በ16 በመቶ፣ በልብና በደም ሥር ሕመም የመሞት አደጋ ደግሞ በ17 በመቶ ከፍ ይል ነበር። የስትሮክ አደጋ በ9 በመቶ፣ የድንገተኛ የልብ ሕመም አደጋ በ7 በመቶ ጨመረ። ዜናው ላይ የተደጋገመው ግን ሌላ ነው፦ የእጅ ኃይል ሞትን በመተንበይ ከላይኛው የደም ግፊት ልክ በልጦ ተገኘ የሚለው። ከሦስት ዓመት በኋላ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ሰዎችን ከያዘው «ባዮባንክ» የተባለ የብሪታንያ የጤና መረጃ ክምችት የወጣ ትንተናም ተመሳሳይ ነገር አሳየ፤ የ5 ኪሎ ማነስ የመሞት አደጋ በሴቶች በ20 በመቶ፣ በወንዶች በ16 በመቶ ከፍ ከማለቱ ጋር ተያይዞ ተገኘ።

የሚታመመውና የሚተርፈው

የፒዩር ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲነበቡ ብዙ ዘጋቢዎች ያለፉት ነገር ይታያል። የመታመም አደጋው ልዩነት 7 እና 9 በመቶ ሲሆን የመሞት አደጋው 16 እና 17 በመቶ ነው። በስኳር በሽታ መያዝ፣ በሳንባ ምች ሆስፒታል መተኛት፣ ወድቆ መጎዳት፣ አጥንት መሰበር፤ እነዚህ ከእጅ ኃይል ጋር ግልጽ ዝምድና አልታየባቸውም። ካንሰርማ በሀብታሞቹ አገሮች እጃቸው በጠነከረ ሰዎች ላይ በጥቂቱ በዝቶ ተገኝቷል። ሕመም ከያዛቸው ሰዎች መካከል ግን እጃቸው የደከመው በብዛት ሞቱ።

በእኔ ግምት የጉዳዩ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ዳይናሞሜትሩ የሚለካው ሰውየው በሽታ ሲመጣበት የሚቋቋምበትን ስንቅ ነው፤ በሽታው ይመጣል ወይስ አይመጣም የሚለውን የመናገር አቅሙ ደካማ ነው። በሳንባ ምች የተኛ ወይም ትልቅ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው የምግብ ፍላጎቱ ይጠፋል። ሰውነቱ ግን በዚያው ሰዓት ቁስል ለመጠገንና በሽታን ለመከላከል የፕሮቲን ንጥረ ነገር ይፈልጋል። ይህን የሚያገኘው የራሱን ጡንቻ እያፈረሰ ነው። ጡንቻው ቀድሞ የሳሳ ሰው ቶሎ ይራቆታል፤ ለመሳል፣ ለመተንፈስ፣ ከአልጋ ለመነሣትም አቅም ያጥረዋል። ጡንቻ ከዚህም ሌላ ሥራ አለው። ከምግብ በኋላ ኢንሱሊን ከደም ውስጥ የሚያስወጣውን ስኳር አብዛኛውን የሚቀበለው እሱ ነው።

ግን ለምን እጅ? ልብ ወይም ጭን ለምን አይሆንም? አንድ ጭምቂያ ብዙ የሰውነት ክፍሎችን በአንድ ጊዜ ይፈትናል። ትእዛዙ ከአንጎል ይነሣል፤ በሕብለ ሰረሰር ይወርዳል፤ ከአንገት በሚወጡ ነርቮች በክርንና በእጅ አንጓ በኩል አልፎ ክንድና መዳፍ ላይ ያሉትን ጡንቻዎች ያዛል። ከነዚህ አንዱ ሲታወክ ቁጥሩ ይወርዳል። ዕድሜ ሲገፋ ጡንቻን የሚያዙ የነርቭ ሴሎች ይቀንሳሉ፤ የቀሩት የሞቱትን ድርሻ ለመሸፈን ይሞክራሉ፤ በተለይ ፈጣንና ኃይለኛ የሆኑት የጡንቻ ክሮች ይጎዳሉ። በአሜሪካ ዕድሜያቸው ከ70 በላይ የሆኑ ሰዎችን የተከታተለ ጥናት የእግር ጥንካሬ ከጡንቻው ብዛት በሦስት እጥፍ ገደማ ፈጥኖ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ሚዛን ላይ ወጥቶ ኪሎው እንዳልቀነሰ አይቶ የሚጽናና አዛውንት ጥንካሬው ግን ከእጁ እየወጣ ሊሆን ይችላል። አውሮፓውያን የአረጋውያን ሐኪሞች ሳርኮፔኒያ ለሚሉት በእርጅና የሚመጣ የጡንቻ መመናመን በ2018 መመሪያቸውን ሲያሻሽሉ ከጡንቻ ብዛት ይልቅ ጥንካሬን ያስቀደሙትም በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ጥያቄ ግን ሳይመለስ ሊታለፍ አይገባም፤ ድካሙ በሽታውን አመጣ ወይስ ገና ያልታወቀ በሽታ ድካሙን አመጣ? ሥር የሰደደ ሕመም፣ ድብቅ ካንሰር፣ የልብ መድከም፣ ድብርት፤ ሁሉም ጥንካሬን ይቀንሳሉ። ተመራማሪዎች በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሞቱትን ከስሌቱ እያወጡ ይህን ለማጣራት ይሞክራሉ፤ ዝምድናው ቢቀንስም አይጠፋም። ስለዚህ ሁለቱም መንገድ ድርሻ አለው ብሎ መያዝ ተገቢ ነው። በተግባር ለሐኪሙ ለውጥ የለውም፤ በሁለቱም በኩል የወረደ ቁጥር ሰውየውን ደግሞ መመርመር እንደሚያስፈልግ ያስታውቃል።

ከልጅነት እስከ እርጅና

የእጅ ኃይል በአንድ ሕይወት ውስጥ የሚሄድበትን መንገድ በደንብ ያሳየው በ2014 የታተመው የ12 የብሪታንያ ጥናቶች ድምር ነው። ከአራት ዓመት ሕፃን እስከ ዘጠና ዓመት ሽማግሌ ድረስ 50 ሺህ ገደማ ሰዎችን ይዟል። በልጅነት ይወጣል፤ በወንዶች ከ29 እስከ 39 ዓመት ባለው ጊዜ መካከለኛው ልክ 51 ኪሎ ላይ፣ በሴቶች ከ26 እስከ 42 ዓመት 31 ኪሎ ላይ ጣሪያው ይደርሳል። ከዚያ ለተወሰነ ጊዜ ረግቶ ይቆይና መውረድ ይጀምራል። ደካማ የሚባለው ድንበር የወጣው ከነዚህ ወጣት ጎልማሶች ልክ በመነሣት ነው፤ ለወንድ ከ27 ኪሎ፣ ለሴት ከ16 ኪሎ በታች። የአውሮፓው መመሪያም እነዚሁኑ ወስዷል።

እዚህ ላይ ቁጥሩን ለማንበብ የሚያስቸግር ነገር አለ። የ60 ዓመት ሰው 28 ኪሎ ጨመቀ እንበል። በወጣትነቱ 50 ደርሶ በፍጥነት የወረደ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ጣሪያው ራሱ 34 ሆኖ ቀስ እያለ የቀነሰ። ሁለቱ ሰዎች ዛሬ አንድ ቁጥር አላቸው፤ ነገ የሚጠብቃቸው ግን ለየቅል ነው። ጣሪያው ደግሞ በጂም ብቻ የሚወሰን አይደለም። በ1946 የተወለዱ ብሪታንያውያንን ዕድሜ ልካቸውን የሚከታተለው ጥናት፣ ሲወለዱ ክብደታቸው ዝቅ ያለ ሰዎች በ53 ዓመታቸውም የእጅ ኃይላቸው ዝቅ ብሎ እንደተገኘ አሳይቷል። በማህፀን ውስጥ የነበረው ዕድገት ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ እጅ ላይ ይነበባል ማለት ነው።

ስለዚህ አንድ ልኬት የሚነግረን ጥቂት ነው። በተመሳሳይ መሣሪያ፣ በተመሳሳይ አቀማመጥ፣ ዓመት ወይም ሁለት ዓመት ቆይቶ የሚደገም ልኬት ግን ብዙ ይናገራል። ሁለትና ሦስት ኪሎ ልዩነት ብዙ ጊዜ የልኬቱ መዋዠቅ ነው፤ ያልተኛ፣ የተራበ፣ አውራ ጣቱ ያመመው ሰው ያን ያህል ሊለያይበት ይችላል። አምስትና ስድስት ኪሎ የሚያህል ቅናሽ ሲመጣ ግን በቸልታ አይታለፍም።

ከደም ግፊት ጋር ማነጻጸር የሚያሳስተው

«ከደም ግፊት ይበልጣል» የሚለው አርእስት ብዙ ሰው አሳስቷል። በመተንበይ መብለጥና በማዳን መብለጥ የተለያዩ ናቸው። የደም ግፊት ልክ በሕክምና ውስጥ ትልቅ ቦታ ያገኘው ሞትን ከሁሉ አብልጦ ስለሚተነብይ አይደለም። ሲወርድ ስትሮክና የልብ ሕመም እንደሚቀንስ በብዙ ፈተናዎች ስለተረጋገጠ፣ የሚያወርደውም ክኒን በርካሽ ስለሚገኝ ነው። የመጨበጥ ኃይልን በተመለከተ እንዲህ ያለ ማስረጃ የለም። እጁን በስፕሪንግ እያጠነከረ 5 ኪሎ የጨመረ ሰው የመሞት አደጋው በ16 በመቶ ቀነሰ ያለ ጥናት የለም፤ ይኖራል ብሎ ለመጠበቅም ምክንያት አይታየኝም። የክንድን ጡንቻ ብቻ ነጥሎ ማጠንከር ቁጥሩን ከፍ ያደርግና ቁጥሩ ሊመሰክርለት የነበረውን የመላ ሰውነት አቅም እንዳለ ይተወዋል። ቴርሞሜትሩን ሳይሆን ትኩሳቱን ማከም እንደሚያስፈልግ ሁሉ፣ የሚታከመው ሰውየው እንጂ ቁጥሩ አይደለም።

የተገላቢጦሹም እውነት ነው። አረጋውያን ለመላ ሰውነት የሚሆን የጥንካሬ ልምምድ ሲያደርጉ እግራቸው ይበረታል፣ ከወንበር አነሣሣቸው ይፈጥናል፤ የእጅ ኃይላቸው ግን የሚጨምረው በጥቂቱ ነው። ልምምዱን በዳይናሞሜትር ብቻ የሚመዝን ሐኪም የጠቀመውን ሕክምና «አልሠራም» ብሎ ሊጥለው ይችላል። መሣሪያው አደጋ ላይ ያለውን ሰው ለመለየት ጥሩ ነው፤ የልምምድን ውጤት ለመከታተል ግን ያን ያህል አይሆንም። የባዮባንኩ ጥናትም ቢሆን የእጅ ኃይል ዕድሜን፣ ፆታን፣ ሲጋራንና የደም ግፊትን በያዘው የተለመደ የአደጋ ስሌት ላይ ሲጨመር ትንበያውን ያሻሻለው በመጠኑ ነው።

የሌላ አገር ልክ

ዳይናሞሜትር የተለያየ አገር ሰዎችን ለማወዳደር ሲወጣ የአሁኑ የመጀመሪያው አይደለም። ፈረንሳዊው ኤድሜ ሬኜ መሣሪያውን በ1798 አካባቢ ሠርቶ ካስተዋወቀ በኋላ፣ በ1800 ወደ አውስትራሊያ በተጓዘው የቦደን ጉዞ ላይ የነበረው ፍራንሷ ፔሮን የታዝማኒያንና የቲሞርን ሰዎች፣ ፈረንሳውያን መርከበኞችንና ሲድኒ ያሉ እንግሊዞችን ለካ። የአገሬው ሰዎች ደካሞች ናቸው፣ ሥልጣኔ ሰውን ያጠነክራል የሚል ድምዳሜ ጻፈ። ሰዎቹ መሣሪያውን አይተውት አያውቁም፤ ምን እንደሚፈለግባቸው፣ ለምን በሙሉ ኃይላቸው መጭመቅ እንዳለባቸው የገባቸው ስለመሆኑ ማረጋገጫ አልነበረም። የቁጥር መልክ የያዘ ነገር ሁሉ እውነት እንዳይደለ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አይገኝም።

ዛሬ ያ ዓላማ የለም፤ ችግሩ ግን በሌላ መልክ ይመለሳል። በዝቅተኛ ገቢ አገሮች የሚለካው መካከለኛ የእጅ ኃይል ከሀብታሞቹ ያነሰ መሆኑ በተደጋጋሚ ታይቷል። የእስያ ሐኪሞች የራሳቸውን ድንበር አውጥተዋል፤ ከአውሮፓው ጥቂት ከፍ ብሎ ለወንድ ከ28፣ ለሴት ከ18 ኪሎ በታች። በፒዩር የመጀመሪያ ዘገባ ከአፍሪካ የተካተቱት ደቡብ አፍሪካና ዚምባብዌ ብቻ ነበሩ፤ ኢትዮጵያ የለችበትም። እንግዲህ የብሪታንያውን 16 ኪሎ ወስደን በገጠር ጎጃም ወይም ሲዳማ ያሉ አሮጊቶችን ብንለካበት ብዙዎቹ ከድንበሩ በታች የመዋል ዕድል አላቸው። እውነት ሁሉም ታመዋል? ቁመታቸው አጭር ነው፣ እጃቸው ትንሽ ነው፣ በልጅነታቸው ረሃብ አይተዋል።

ድንበሩን ለአገሩ ልክ ዝቅ ማድረግ ቀላሉ መፍትሔ ይመስላል። ግን እሱም ዋጋ ያስከፍላል። የመቀንጨር ጉዳት በብዙ ሕዝብ ላይ ስለደረሰ ብቻ «የኛ አገር ጤናማ ልክ» ብለን ከጻፍነው ጉዳቱን ደበቅነው ማለት ነው። ከፍተኛውን ድንበር ብንይዝ ደግሞ ጤና ጣቢያው ምንም ሊያደርግላቸው በማይችላቸው ሰዎች ይጨናነቃል። ሁለቱን የሚያስታርቀው መንገድ፣ የአገር ውስጥ ልክን በዕድሜ፣ በፆታና በቁመት እየለዩ ማውጣት፣ ከዚያም ማን በኋላ እንደታመመ፣ ማን እንደሞተ መከታተል ነው። ጊዜና ገንዘብ ይፈልጋል፤ አቋራጭ የለውም።

በእኛ አገር የሚጠቅመው የት ነው

ኢትዮጵያ በዚህ ምርምር ውስጥ ባዶ እጇን አይደለችም። በጅማ የተካሄደና በ2014 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የታተመ ጥናት የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ለሚጀምሩ ሰዎች በቅባት ላይ የተመሠረተ ተጨማሪ ምግብ ለሦስት ወር ሰጥቶ የሰውነት ክብደታቸውን፣ ሥጋቸውንና የመጨበጥ ኃይላቸውን ለካ። ምግቡን ያገኙት ክብደትና ሥጋ ጨመሩ፤ የእጅ ኃይልም ተሻሻለ። ከኢትዮጵያ ውጭም በማላዊ ገጠር ባሉ አረጋውያንና በታንዛኒያ በተጠለሉ ሩዋንዳውያን ሽማግሌዎች ላይ የተሠሩ ጥናቶች የምግብ እጥረት ያለበት ሰው እጁ እንደሚደክም አሳይተዋል። ለኛ አገር ዳይናሞሜትሩ ከሁሉ በፊት የሚጠቅመው እዚህ ይመስለኛል፤ በቲቢና በኤች አይ ቪ ክትትል፣ ከቀዶ ሕክምና በፊት፣ በካንሰር ሕክምና። ክብደት በውኃና በእብጠት ሊያታልል ይችላል፤ ጥንካሬ ግን ሰውየው እያገገመ መሆን አለመሆኑን ቀደም ብሎ ይናገራል። በሥጋ ደዌ ሕክምናም የእጅ ነርቭ መጎዳቱን ለመለየት የእጅ ጡንቻን ጥንካሬ መፈተሽ የቆየ አሠራር ነው።

የት እንደማይጠቅምም ማወቅ ያስፈልጋል። የጓያ ሽባነትን እንውሰድ። በድርቅ ዘመን ጓያን ዋና ምግባቸው ያደረጉ ሰዎች እግራቸው ተገትሮ በምርኩዝ ይሄዳሉ፤ እጃቸው ግን አብዛኛውን ጊዜ ደህና ነው። በደንቢያ ወይም በፎገራ በዚህ ሕመም የተጎዳ ገበሬ ዳይናሞሜትር ቢሰጠው ቁጥሩ ጤነኛ ይለዋል። ይህ ጠንከር ያለ ምሳሌ ቢሆንም በየቤቱ ያለውን ያስታውሰናል፤ ቡና ስትወቅጥና እንጀራ ስትጋግር የኖረች እናት እጇ ብርቱ ሆኖ ጉልበቷ ከድቷት ደረጃ መውጣት ሊያቅታት ይችላል። የሚጥለው እግር ነው። በተቃራኒው የእጅ አንጓ ነርቭ የተጫናት ወይም ሪህ ያለባት ሴት እጇ ደክሞ ሌላው አካሏ ጤነኛ ሊሆን ይችላል።

ደግነቱ ለእግር የሚሆን መለኪያ ገንዘብ አይጠይቅም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአረጋውያን ባወጣው የክትትል መመሪያ ውስጥ ሰውየው እጆቹን ደረቱ ላይ አጣጥፎ ከወንበር አምስት ጊዜ እንዲነሣና እንዲቀመጥ ይደረጋል፤ በ14 ሰከንድ ውስጥ ካልጨረሰ ተጨማሪ ምርመራ ይፈልጋል። የአውሮፓው መመሪያ 15 ሰከንድ ይላል። አንድ ጥሩ ዳይናሞሜትር በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ፣ በየጊዜው ልኩ መስተካከል ያለበት ዕቃ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ዘንድ ግን ወንበርና ሰዓት አለ። ለሆስፒታል ዳይናሞሜትሩ፣ ለጤና ኬላና ለቤት ወንበሩ ቢሆን ይሻላል የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

ከተለካ በኋላስ?

ምርመራ ትርጉም የሚኖረው ከኋላው የሚደረግ ነገር ሲኖር ነው። ለሳርኮፔኒያ ተብሎ የጸደቀ መድኃኒት የለም። ያለው ልምምድና ምግብ ነው፤ የሁለቱ ቅደም ተከተል ደግሞ እንደ ሰውየው ሁኔታ ይለያያል። በ1994 በአሜሪካ በአረጋውያን መጦሪያ የሚኖሩ፣ አማካይ ዕድሜያቸው 87 የሆነ 100 ሰዎች በአራት ተከፍለው ተፈተኑ። ለአሥር ሳምንት በክብደት የተለማመዱት የጡንቻ ጥንካሬያቸው ከእጥፍ በላይ ጨመረ፤ ተጨማሪ ምግብ ብቻ የተሰጣቸው ግን ምንም አልጨመሩም። በጅማ ደግሞ በሽታና የምግብ እጥረት የጎዳቸው ሰዎች በምግብ ጠነከሩ። ሁለቱ ውጤቶች አይጣሉም። የተራበ ጡንቻ ምግብ ይፈልጋል፤ የጠገበና ሥራ የፈታ ጡንቻ ሥራ ይፈልጋል።

ይህን ወደ ቤታችን ስናመጣው ሁለት ነገሮች መነሣት አለባቸው። የመጀመሪያው ጾም ነው። ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላና ሽምብራ ፕሮቲን አላቸው፤ ጾም በራሱ ጡንቻ ያጠፋል ማለት አይቻልም። የአረጋውያን አመጋገብ ባለሙያዎች ግን ከ65 በላይ የሆነ ሰው በቀን በኪሎ ክብደቱ ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን እንዲያገኝ ይመክራሉ፤ 55 ኪሎ የሚመዝኑ እናት 55 ግራምና ከዚያ በላይ ማለት ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይተው ትንሽ እንጀራ በቀጭን ሽሮ የሚበሉ፣ ከዚያም ውጭ የምግብ ፍላጎታቸው የቀነሰ እናት ያን አያገኙም። የታመመና የደከመ ሰው ከንስሐ አባቱ ጋር ተመካክሮ ጾሙን እንዲያቀልል ቤተ ክርስቲያን ቦታ አላት፤ ብዙ አረጋውያን ግን ይህን መጠየቅ ይከብዳቸዋል። ልጆች ሊያግዟቸው ይገባል።

ሁለተኛው አክብሮታችን ነው። «እማዬ አንቺ ቁጭ በይ»፣ «አባባ እርስዎ አይነሡ» የምንለው ከፍቅር ነው። ከአገር ቤት ወደ አሜሪካ ወይም ወደ አውሮፓ የተወሰዱ ወላጆች ላይ ይብሳል፤ ገበያ የለም፣ ቤተ ዘመድ በእግር የሚኬድበት መንገድ የለም፣ ልጅ ሥራ ውሎ እስኪመጣ ሶፋ ላይ ነው። ጤነኛ አረጋውያን ለ10 ቀን አልጋ ላይ እንዲውሉ የተደረገበት ጥናት ከእግራቸው ብቻ አንድ ኪሎ ገደማ ሥጋ እንዳጡ አሳይቷል። ከአልጋ ይሻል እንጂ ሶፋም ከዚህ የራቀ አይደለም።

ወዴት ያመራል

ከፊታችን ሦስት መንገዶች ይታዩኛል። አንደኛው የመጨበጥ ኃይል እንደ ደም ግፊት በየምርመራው የሚለካ ይሆናል የሚለው ነው። የሚደረገው ነገር ግልጽ ባልሆነበትና የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ በማይበቃበት ሁኔታ ይህ ቶሎ የሚሆን አይመስለኝም፤ ለጊዜውም የሚመከር አይደለም። ሁለተኛው ጉዳዩ በንግድ እጅ ይገባል። የመለኪያ ዕቃ፣ የስልክ መተግበሪያ፣ «የሰውነትዎ እውነተኛ ዕድሜ» የሚል ቁጥር መሸጥ ተጀምሯል። መድን ሰጪዎችና ቀጣሪዎች ይህን ቁጥር መጠየቅ ከጀመሩ፣ በልጅነታቸው የተራቡ፣ ቁመታቸው ያጠረና እጃቸው በሥራ የተጎዳ ሰዎች ናቸው የሚቀጡበት። ይህ ከወዲሁ በሕግ መከልከል ያለበት ነገር ነው።

ሦስተኛውና ይሆናል ብዬ የምጠብቀው በተመረጡ ቦታዎች መጠቀም ነው፤ በአረጋውያን ክሊኒክ፣ ከቀዶ ሕክምና በፊት፣ ሥር የሰደደ ሕመም ባለባቸው ሰዎች ክትትል። ክብደት የሚቀንሱት አዳዲስ መርፌዎች መስፋፋት ይህን ያፋጥነዋል፤ መርፌው ከስብ ጋር ሥጋም ስለሚወስድ፣ የቀነሰው ሰው ጥንካሬውን አብሮ እንዳላጣ የሚከታተል ርካሽ መለኪያ ይፈለጋል። ለኢትዮጵያ በዚህ ውስጥ የሚቀድመው ሥራ የራሷን ልክ ማውጣት ነው፤ በየዩኒቨርሲቲው ያሉት የጥናት ጣቢያዎች ለዚህ ይበቃሉ፤ የሚያስፈልጋቸው መሣሪያውና ተከታታይ በጀት ነው።

ለአንባቢ ግን ይህ ሁሉ እስኪሆን መጠበቅ አያስፈልግም። ወላጅ ያለው ሰው በዚህ ሳምንት ጠንካራ ወንበር ግድግዳ አስደግፎ፣ ራሱ አጠገባቸው ቆሞ፣ እጃቸውን ሳይደግፉ አምስት ጊዜ እንዲነሡና እንዲቀመጡ ይጠይቃቸው። ከ15 ሰከንድ በላይ ከፈጀባቸው ወይም ጭራሽ ካቃታቸው፣ ወይም በዚህ ዓመት የጠርሙስ ክዳን መክፈትና ጀሪካን ማንሣት የከበዳቸው እንደሆነ ሐኪም ዘንድ ይውሰዳቸው፤ «እርጅና ነው» ተብሎ ቢመለሱም ደም ማነስ፣ የታይሮይድ ችግር፣ ድብርትና የምግብ እጥረት መታየታቸውን ይጠይቅ። ራሱ ገና በሠላሳና በአርባዎቹ ውስጥ ያለ ደግሞ የእጅ ስፕሪንጉን ትቶ በሳምንት ሁለት ቀን ለእግሩ፣ ለጀርባውና ለትከሻው የሚከብድ ሥራ ይስጥ።